የኤዲ ፖፕ ንጹህ ቁምጣ

ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ የነበረውን አር ኤፍ ኬ ስታዲየም ማፍረስ የጀመሩ ሰሞን አንድ ወዳጄ ፎቶውን በስልክ ላከልኝ። ጎኑ ተገምሶ ብረቱ ተንጠልጥሏል። እኛ የምንቀመጠው በየትኛው በኩል እንደነበረ ለማወቅ ስልኩን ሦስት አራት ጊዜ አዟዟርኩት። አልለየሁትም።

ዓመቱን በፈረንጅ ስቆጥር አንባቢ ይታገሠኝ፤ እዚህ አገር የደረሰብኝ ነገር ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1996 ነበር። አሜሪካኖቹ ሜጀር ሊግ ሶከር የሚባል አዲስ ሊግ በ10 ቡድኖች ጀመሩ። ከተማችን ዲሲ ዩናይትድ የሚባል ጥቁር ለባሽ ቡድን ደረሳት። እኔ ያኔ መሃል ከተማ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ታክሲ ነጂ ሰውዬ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ላይ ያደጉ፣ ኳስ ማየት ማለት መጮህ ነው ብለው የሚያምኑ። "ና፣ ፈረንጅ ኳስ ሲጫወት እንይ" ብለው ወሰዱኝ። ለመሳቅ ነበር የሄድነው።

የሚያስቅም አልጠፋ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ከ45 ተነስቶ ወደ ዜሮ። አቻ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ጨዋታው እኩል ካለቀ አንድ ተጫዋች ከጎሉ 32 ሜትር ያህል ርቆ ኳሷን ይዞ ይቆማል፣ ፊሽካ ሲነፋ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተፋጥጦ ማግባት አለበት። ጋሼ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ይዘው "የሰርከስ ትርኢት!" አሉ። ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ሯጭ እየተነሱ ሰከንድ የሚቆጥሩት እሳቸው ነበሩ። በአማርኛ።

ቲፎዞው ግማሹ የቦሊቪያና የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። ቦሊቪያዊው ማርኮ ኤቼቬሪ ኳስ ሲነካ ከበሮው ይቀልጣል። እኛም እንደ ሁሉም ሰው ወደ እሱ ነበር የምናየው። 23 ቁጥር ለባሹን መጀመሪያ ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው።

"ያን ረጅሙን ልጅ አየኸው? ቁምጣውን እይ።"

አየሁ። ሰባኛው ደቂቃ አልፏል፣ ሜዳው ከቀትር ዝናብ በኋላ ረጥቧል፣ የሌሎቹ ተከላካዮች ጎን አረንጓዴና ቡናማ ሆኗል። የእሱ ቁምጣ ግን ከሻንጣ እንደወጣ ነው። ኤዲ ፖፕ ይባላል፤ ከኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት የመጣ፣ 22 ዓመቱ። "ሸርተቴ አይወርድም" አሉ ጋሼ። "ደርሶ ይወስዳል እንጂ።"

ከዚያ በኋላ ኤቼቬሪን ትቼ እሱን ማየት ጀመርኩ። አጥቂው ኳሷን አስቀድሞ ሲሮጥ ፖፕ አይጣደፍም። ሁለት ሦስት እርምጃ አብሮት ይሮጣል፣ መንገድ የሚያሳየው ይመስላል፤ ከዚያ ትከሻውን በኳሷና በሰውየው መሃል ያስገባና ያለ ጠረባ ይዟት ይወጣል። ካገኘም በኋላ ወደ ሰማይ አይለጋትም። አጠገቡ ላለው ይሰጣል። እኛ ያደግነው ተከላካይ ማለት አጥቂውን ከነኳሱ የሚያወጣ ነው ተብለን ነው፤ አብዶ የሚሠራ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ካልወደቀ ተከላካዩ ሥራ የሠራ አይመስለንም ነበር። ጎበዝ ተከላካይ ቁምጣው አይቆሽሽም የሚለው የጋሼ ሕግ ሁልጊዜ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ግን እስካሁን የማንኛውንም ተከላካይ ቁምጣ ሳላይ አላልፍም።

የዚያ ዓመት ፍጻሜ ጥቅምት 20 ቀን፣ እሁድ፣ ቦስተን አቅራቢያ ፎክስቦሮ ነበር። ተራዬ ስለነበር በፓርኪንጉ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ፣ አንቴናዋ በፎይል በተጠቀለለች ትንሽ ቴሌቪዥን፣ በቻናል 7 ነው ያየሁት። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ኳሷ ትሄዳለች ሲሏት ውሃው ላይ ትቆማለች። ያን ቀን የማንም ቁምጣ ንጹህ አልነበረም። ሎስ አንጀለስ ጋላክሲ 2 ለ 0 መራ፤ የእነሱ በረኛ ያ ቀለመ ብዙው ሜክሲኮአዊ ሆርሄ ካምፖስ ነው። 73ኛው ደቂቃ ላይ ቶኒ ሳኔ አንድ አገባ። 82ኛው ላይ ሾን ሜድቬድ አቻ አደረገ። ጭማሪ ሰዓት።

አራተኛው የጭማሪ ደቂቃ ላይ አንድ ደንበኛ ቁልፉን ሊወስድ መጣ። የማዕዘን ምት ነበር፣ ኤቼቬሪ ኳሷን እያስተካከለ ነው። ጣቴን አነሳሁበት፤ አንዲት ደቂቃ። ኳሷ መጣች፣ ፖፕ ከሁሉም በላይ ወጣና በቴስታ ገጨ። 3 ለ 2። ወርቃማ ጎል ስለሆነ ጨዋታው እዚያው አለቀ። ኳስ መሃል ሜዳ ተመልሳ አትጀመርም፣ ሰዓት የሚያይ የለም፤ ማዕዘኑ ሲመታ ጨዋታ ነበረ፣ ኳሷ መረብ ስትነካ የለም። ደንበኛው "ማን አሸነፈ?" አለኝ። "እኛ" አልኩት። ስታስበው፣ ፖፕ ያንን ጎል ዛሬ ቢያገባው ገና 26 ደቂቃ ይከላከል ነበር። ሕጉም የለም፣ የፎክስቦሮ ስታዲየምም ከስድስት ዓመት በኋላ ፈርሷል።

ለነገሩ ትልልቅ ጎሎቹ ሁሉ እንዲህ ናቸው። በ1998 ነሐሴ አር ኤፍ ኬ ላይ የሜክሲኮውን ቶሉካን 1 ለ 0 አሸንፈን የኮንካካፍን ዋንጫ ከአሜሪካ ሊግ ቡድኖች መጀመሪያ ስናነሳ ያገባው እሱ ነው፤ ተከላካዩ። በዚያው ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ከደቡብ አሜሪካው ሻምፒዮን ከብራዚሉ ቫስኮ ዳ ጋማ ጋር ለኢንተር አሜሪካ ዋንጫ ተጫወቱ። እዚህ 1 ለ 0 ተሸንፈው ፍሎሪዳ ላይ 2 ለ 0 መለሱ፤ አንዱን ሳኔ፣ አንዱን ፖፕ። ያ ዋንጫ ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተካሄደም። ጋሼ "የመጨረሻውን ወስደን ዘጋነው" እያሉ ለታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ ተሳፋሪው ምን እንደሆነ ሳይገባው ኮንግራጁሌሽን እያለ ይወርዳል።

የ2002ን የዓለም ዋንጫ ጠዋት ጠዋት ነው የማስታውሰው። አሜሪካ ከፖርቱጋል ስትጫወት እኛ ጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር፤ ታክሲዎቹ ተደርድረው ቆመው ሾፌሮቹ አንዲት ቴሌቪዥን ላይ ተደፍተን። ፖፕ እነፊጎን ይዞ 3 ለ 2 ወጡ። እስከ ሩብ ፍጻሜ ደርሰው በጀርመን 1 ለ 0 ተሸነፉ። ጀርመናዊው ፍሪንግስ በጎሉ መስመር ላይ በእጁ የመለሳትን ኳስ ጋሼ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አላሉም።

የዚያ ዓመት የውድድር ዘመን ሲያልቅ ክለባችን ፖፕን ለኒውዮርኩ ሜትሮስታርስ ሰጠው። ከዚያ ሶልት ሌክ ሄደ፤ አዲስ ቡድን፣ ብዙ ሽንፈት። ያንን ዘመኑን አልተከታተልኩም፣ ዋሽቼ አልጽፍም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሰኔ 2006፣ የዓለም ዋንጫ፣ ካይዘርስላውተርን፣ ከጣሊያን ጋር። ሁለተኛው አጋማሽ ገና ከመጀመሩ ፖፕ ዘግይቶ ገባና ሁለተኛ ቢጫ አየ። ቀይ። ስልኬ ወዲያው ጮኸ። ጋሼ ነበሩ። ሰላምም አላሉኝ። "አረጀ" አሉኝና ዘጉት። 82 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፎ በ2007 ጫማ ሰቀለ።

አር ኤፍ ኬ ላይ ከታች ያለው መደዳ ለቤዝቦል ተብሎ የሚንቀሳቀስ ሆኖ የተሠራ ነበርና ቲፎዞው ሲዘል ወንበሩ ከነሰዉ ይነሳ ይወርድ ነበር። ጋሼ በጃኬታቸው ስር ፔርሙዝ ደብቀው ያስገቡና ሻያቸውን ቀድተው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ጎል ሊገባ ሲል ሻዩ ቀድሞ ይንቀጠቀጣል። ጫጫታው ሳይደርሰን ሻዩ ይነግረናል።

ጥቅምት 2017 የስታዲየሙ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ፔርሙዛቸውን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ተጋጣሚው ያ ሜትሮስታርስ ነው፣ ስሙን ቀይሮ ሬድ ቡል ሆኗል። 2 ለ 1 ተሸነፍን። ሻዩን ቀድቼ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ እነዚያ ከበሮ መቺዎች ከታች መዝለል ሲጀምሩ እያየሁት ቆየሁ። ግማሹ ወንበሩ ላይ ፈሰሰ።