ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም

ከሰንጋ ተራ ተነስቼ ለዕረፍት ዛንዚባር በሄድኩ ጊዜ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያው ምሽት ከባሕሩ ዳርቻ ካለ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። «የቸገረው ነው» እንዳልባል ዋጋ ሳልጠይቅ ዓሣ አዘዝኩ። ሒሳቡ ሲመጣ ለእናቴ ስጦታ መግዣ የያዝኩት ገንዘብ አብሮ ሄደ።

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ አጠገቤ የሰገዱትን አዛውንት፣ በመድረሳ በተማርኳት ዐረብኛ፣ «እናንተ የት ትበላላችሁ?» ስል ጠየቅኋቸው። እጄን ይዘው በ1904 (እ.ኤ.አ.) ከተሠራው ከዳራጃኒ ገበያ አጠገብ ወሰዱኝ። በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ከሩዝ ጋር ቀረበልን። ኡሮጆ የሚሉትን፣ በእርድና በማንጎ ጎምዘዝ ያለ፣ ድንች የገባበት ሾርባም ቀመስኩ። የሁለታችን ሒሳብ የማታውን አንድ ዐሥረኛ እንኳ አልሞላም። በፎሮዳኒ መናፈሻም ከመግሪብ በኋላ ዓሣ ይጠበሳል፤ እዚያ ግን ዋጋ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

ባዶ እጄን ስመለስ እናቴ፣ «አንተ በሰላም ከገባህ አልሐምዱ ሊላህ» አለችኝ። ይህ ቃሏ ከሒሳቡ ይልቅ ከበደኝ።

እናም ውድ አንባቢያን፣ በላባችን ያገኘነውን ሐላል ገንዘብ «ምን ይሉኛል» ብለን አንበትነው። ከማዘዛችን በፊት እንጠይቅ።