አምስት ሰከንድ

የላፕቶፑን ክዳን ስዘጋ ነገሩ ሁሉ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት እማዬ ጠረጴዛውን ልትወለውል አነሳችው፤ ክዳኑ ተከፈተ፣ ማሽኑ ነቃ። የይለፍ ቃል መጠየቂያው ከመምጣቱ በፊት፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል፣ ማታ ደጋግሜ ሳነበው ያመሸሁት ደብዳቤ ስክሪኑ ላይ ታየ። ስሜ፣ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ስም፣ «እንኳን ደስ አለህ»። 30 ዓመት እንግሊዝኛ ስታስተምር፣ ፈተና ስታርም ለኖረች ሴት ሁለት ሰከንድ ብዙ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ምንም አላለችም። ወልውላ ስትጨርስ መልሳ አስቀመጠችው።

እኔ ደግሞ ማውራት ሲገባኝ ወደ ኮምፒውተሩ ሸሸሁ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ነው፤ ሊኑክስ ተጭኖበታል፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ግን እኔ ጋ የለም። ማሽኑ ሊተኛ ሲል ሲስተምዲ የሚያስነሳቸው ስክሪፕቶች የሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ መጻፍ የሚችለው ደግሞ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። የቀረኝ በራሴ አካውንት የሚሠራ ስክሪፕት ነበር። ሎግአይንድ የሚባለው አገልግሎት ማሽኑ ሊተኛ ሲል በዲ-ባስ በኩል ይለፍፋል፣ ሲነቃም እንደዚሁ። ምልክቱ አንድ ነው፤ ከመተኛቱ በፊት «እውነት»፣ ከነቃ በኋላ «ሐሰት» የሚል ይዞ ይመጣል። ይሄንን ለመስማት አስተዳዳሪ መሆን አያስፈልግም። ስክሪፕቴ «እውነት» ሲሰማ ስክሪኑን ይቆልፋል፣ አበቃ።

አላበቃም። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም (ከዚህ የባሰ ብልሽት የለም)። ለካ ለፋፊው ዝም ብሎ ማንንም አይጠብቅም! ስክሪፕቴ ገና ሲንደረደር ማሽኑ ይተኛል፣ መቆለፊያው የሚወጣው ሲነቃ ነው። «ቆይ» ለማለት ቀድሞ የማዘግያ መያዣ መውሰድ ያስፈልጋል። ያኔ ሎግአይንድ ይታገሳል፤ ማንም ካልቀየረው ቢበዛ 5 ሰከንድ። ስክሪኑ ሲቆለፍ መያዣውን ትለቃለህ፣ ማሽኑ ይተኛል። ሲነቃ ለቀጣዩ ጊዜ እንደገና መውሰድ አለ። እኔ ይቺን ረስቼ አንድ ሙሉ ማታ ክዳን ስከፍትና ስዘጋ አመሸሁ።

በዚያ ሳምንት ከእማዬ ጋር ያወራነው ስለ ቲማቲም ዋጋ ነው።

እሁድ ቡናውን ቀድታ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ዛሬስ ቆልፎብኛል። የይለፍ ቃሉን ንገረኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ያንን ደብዳቤ ልጨርሰዋ። መቼ እንደምትሄድ የሚለው ጋ ሳልደርስ ነው የጠፋብኝ።»

ፊደል በፊደል ነገርኳት።