ጄኔቫ የሚወስነውና እኛ ቤት የሚወሰነው

ድሮ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ስልክ ይዞልን ሲመጣ ደስታችን ሲም ካርዱ እስኪገባ ድረስ ነበር። ስልኩ ይበራል፣ ይዘፍናል፣ ኔትወርክ ግን የለም። ሰፈሩ ሁሉ "ተቆልፎ ነው፣ አስከፍቱት" ይላል። አንዳንዱ እውነትም ተቆልፎ ነበር። ሌላው ግን ቢከፈትም አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ የጂኤስኤም ስልክ የሚሠራው በ850 እና በ1900 ሜጋኸርዝ ነበራ! እኛ ጋ ደግሞ በ900 እና በ1800።

እንዲህ ሲሆን ጣታችንን ወደ መንግሥት መቀሰር ልማዳችን ነው። (ብዙ ጊዜም አንሳሳትም።) በዚህኛው ግን ነገሩ ከአገር በላይ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን ለ3 ከፍሏታል። አፍሪካ፣ አውሮፓና አብዛኛው መካከለኛው ምሥራቅ 1ኛ ክልል ነው፤ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ 2ኛ፤ የተቀረው እስያ ከነአውስትራሊያ 3ኛ። በሞገድ ቋንቋ ከዋሽንግተን ይልቅ ፓሪስ ትቀርበናለች ማለት ነው።

ካላመናችሁ የኢትዮጵያ ሬዲዮን የድሮ አድራሻ አስታውሱ። በመካከለኛ ሞገድ 873 ኪሎኸርዝ። ለ9 አካፍሉት፤ 97 ይመጣል፣ ቀሪ የለውም። ይህ አጋጣሚ አይደለም። በ1975 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው) ጄኔቫ ላይ የተደረሰ ስምምነት የ1ኛና የ3ኛ ክልል ጣቢያዎችን በ9 ኪሎኸርዝ ርቀት ደረደራቸው። አሜሪካኖቹ በ10 ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ለእነሱ ገበያ ብቻ የተሠራ ዲጂታል ሬዲዮ 870 ይልና ወደ 880 ይዘላል። 873ን አያገኛትም።

ለምን መስማማት አስፈለገ? ሞገድ ፓስፖርት ስለሌለው። ሞያሌ ላይ እዚህና እዚያ ማዶ በአንድ ቁጥር ሁለት ኤፍ ኤም ቢተከል ማንም ማንንም አይሰማም። ለዚህም ነው በ1984 እንደገና ጄኔቫ ላይ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው የኤፍ ኤም ሰፈር በፕላን የተከፋፈለው።

እዚህ ላይ ግን ጠበቅ አድርገን የምንይዘው ነገር አለ። ጄኔቫ የሚለው "ይህ ቁጥር እዚህ ቦታ ቢሠራ ጎረቤትን አይረብሽም" ነው። ለማን እንደሚሰጥ አይናገርም። የግል ጣቢያ የሚፈቅደው የብሮድካስት አዋጅ የወጣው በ1999 ነበር። እነ ሸገር 102.1 አየር ላይ የዋሉት በ2007 ነው። 8 ዓመት! ሞገድ ውስን ሀብት ነው የሚለውን እንቀበላለን፤ የፊዚክስ ነገር ነው። የአዲስ አበባን መደወያ ከጫፍ ጫፍ ስናዞር በአብዛኛው ሽሽታ ብቻ እንሰማ የነበረበት ዘመን ግን ከፊዚክስ የመጣ አልነበረም።

ደግሞ ተቃራኒውም አለ፤ የተስማማነውን ትቶ መረበሽ። የኅብረቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 45 አባል አገር የሌላውን አባል የሬዲዮ አገልግሎት በጎጂ ሁኔታ እንዳይረብሽ ያዝዛል። በመጋቢት 2010 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ፕሮግራም ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው፣ ቴክኒኩ ሲዘጋጅ እንዲታፈን መመሪያ እንደሚሰጡ በይፋ ተናገሩ። የዘር ፍጅት ከቀሰቀሰ ጣቢያ ጋር! ንጽጽሩ ያኔም አልተዋጠልንም፣ ዛሬም አይዋጥልንም። ኅብረቱስ? ፖሊስ የለውም። አቤቱታ ይቀበላል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልካም ፈቃድን ይማጸናል። ስልካችን ከ1800 ሜጋኸርዝ ንቅንቅ እንዳይል ያደረገው ሥርዓት፣ አድማጭ ጆሮ ላይ ለሚለቀቅ ጩኸት ያለው መልስ ይኸው ነው።

አፍሪካ ግን ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ አይደለችም። በ2012ቱ የሬዲዮ ጉባኤ የአፍሪካና የዓረብ አገሮች ተያይዘው መጥተው ከ694 እስከ 790 ሜጋኸርዝ ያለው የቴሌቪዥን ሰፈር ለሞባይልም ይሰጠን አሉ። አውሮፓውያኑ አልጠበቁትም ነበር፤ እነሱ ቦታውን ለቴሌቪዥን ነበር የሚፈልጉት። ክርክሩ ከርሮ ከ2015ቱ ጉባኤ በኋላ ሥራ ላይ እንዲውል ተስማሙ። ይህ ለገጠሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ዝቅ ያለ ሞገድ ሩቅ ስለሚሄድ በጥቂት ምሰሶ ሰፊ አገር ይሸፍናል። ሩቅ ቆላ ውስጥ ያለች ልጅ ኢንተርኔት ለማግኘት ተራራ ትውጣ አትውጣ የሚለው ነገር በከፊል እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው የተወራው።

ቀጣዩ ጉባኤ በ2027 ሻንግሃይ ላይ ቀጠሮ ተይዞለታል። ከኛ አገር ማን እንደሚሄድ፣ ምን ሊጠይቅ እንደሚሄድም ከመሳፈሩ በፊት ቢነገረን ደስ ይለናል።