ከቢቸና እስከ ሞጣ፤ የተገለበጠችውን መኪና ለመተካት

የዓባይን በረሃ ወርደህ ከወጣህ በኋላ በደጀን በኩል ወደ ቀኝ ብትታጠፍ የቢቸናን መንገድ ትይዛለህ፤ ደብረ ወርቅን አልፈህም ሞጣ ትደርሳለህ። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። ሜዳው ለጥ ሲል ነጂው ይፈጥናል፤ ነገር ግን ከብቱም፣ ጋሪውም፣ ገበያተኛውም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

የቤተ ሰብህ ላንድክሩዘር እዚህ ተገልብጣ ሰዎቹ ቢተርፉ፣ «እግዜር ይመስገን» ካልህ በኋላ ጥያቄው «በምን እንተካት?» ነው። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው ሌላውን ተጎጂ እንጂ ያንተን መኪና አይደለም፤ ለእርስዋ ሙሉ መድን መግባት ነበረብህ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ያለህ ምርጫ አገር ውስጥ ያገለገለ መኪና ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የኤሌክትሪኩ በዓባይ ቁልቁለት ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ዳገቱ ግን ከዚያ አብልጦ ይጨርሰዋልና የት እንደምትሞላ አስቀድመህ ጠይቅ። ያገለገለውንም ተገልብጦ የተጠገነ እንዳይሆን ሻንሲውን በባለሙያ አስመርምር።

መኪና በገንዘብ ይተካል፤ ከኋላ የሚቀመጡትን ልጆች ግን የሚተካ የለምና፣ ወደ ሞጣ ከመነሣትህ በፊት የመቀመጫቸውን ቀበቶ ሳብ አድርገህ ፈትን።