ለጥየቃ ወደ ሲቹዋን

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ያላወቁትን ለማወቅ አፍ መክፈት መጠየቅ ነው፤ የታመመውን፣ ያዘነውንና በሩቅ ያለውን ዘመድ ሄዶ ማየትም መጠየቅ ነው። በመጪው ነሐሴ በቻይና ሀገር ወደምትገኘው የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ለመሄድ ስዘጋጅ፣ የጉዞዬን አሳብ ሁሉ የመራልኝ ይህ አንድ ቃል ስለ ሆነ ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ የመስኖ ምሕንድስና ለመማር የሲቹዋን ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ቼንግዱ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ትምህርቱን እስኪፈጽም ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም መንገድ አይችሉም፤ አባቴም ከሥራቸው መለየት አይሆንላቸውም። ቤተ ሰቡ ያጠራቀመው ገንዘብም የሚበቃው ለአንድ ሰው መሳፈሪያና ለ12 ቀን ወጪ ብቻ ነው። ስለዚህ የመልቀቂያ ፈተናዬን እንደ ጨረስሁ እኔ እንድሄድ ተወሰነ። አባቴ ግን፣ «ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት የቀኖቹን አሳብ በወረቀት ጽፈህ አምጣ» አሉኝ።

በመጀመሪያ የጻፍሁት ስለ መብል ነው። ሲቹዋን በሚያቃጥል ምግቡ የታወቀ ነው። በርበሬ የተገኘው ከአሜሪካ ሲሆን ወደ ቻይና የደረሰው በ16ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። የሲቹዋን ሰዎች ግን ከዚያ አስቀድሞ የራሳቸው ቅመም ነበራቸው፤ እርሱም «ኋጂያው» የሚባል የትንሽ ዛፍ ፍሬ ነው። ይህ ፍሬ ከንፈርንና ምላስን ያደነዝዛል እንጂ እንደ በርበሬ አያቃጥልም። ሁለቱ በአንድ ድስት ሲገናኙ ጣዕሙ «ማላ» ይባላል፤ «ማ» ማደንዘዝ፣ «ላ» ማቃጠል ማለት ነው። የእኛም በርበሬ መነሻው ያው አሜሪካ ስለ ሆነ፣ የእናቴ ድስትና የእነርሱ ድስት የአንድ ሀገር እንግዳ ተቀብለዋል ማለት ይቻላል። ደግሞም «ዶውባንጂያንግ» የሚሉት ማጣፈጫ ባቄላና በርበሬ ተብላልቶ የሚሠራ መሆኑን ባነበብሁላቸው ጊዜ እናቴ፣ «ታዲያ የስልጆ ዘመድ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ጉዞዬ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «ማፖ ቶፉ» የተባለው ዝነኛ ምግብ ዋናው ነገሩ ከአኩሪ አተር ወተት የረጋ ሆኖ ሳለ፣ የተከተፈ ሥጋም ይገባበታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ያጠናሁት የቻይንኛ ቃል «ያለ ሥጋ» የሚለው ሆነ።

ቀጥሎ ስለሚታየው ነገር ጻፍሁ። ከቼንግዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዱጂያንግየን የሚባል የጥንት የመስኖ ሥራ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ዓመት ገደማ ሊ ቢንግ የተባለ አገረ ገዥ የሚን ወንዝን በግድብ ሳያቆም ለሁለት ከፍሎ ሜዳውን አጠጣ፤ ሥራው እስከ ዛሬ ያገለግላል። ወንድሜ የሚማረው ይህንኑ ስለ ሆነ፣ እዚያ አብረን ሄደን እርሱ እንዲያስረዳኝ አሰብሁ። በሌሻን ደግሞ ከገደል የተፈለፈለ 71 ሜትር ቁመት ያለው የቡድሃ ምስል ተቀምጧል፤ በ713 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጀምሮ በ803 ተፈጸመ። ሦስት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ የቆመው ለጀልባ ቀዛፊዎች ውሃው ጸጥ እንዲልላቸው ታስቦ ነው። ታናሽ እኅቴ «ፓንዳ ሳታይ እንዳትመለስ» ስላለችኝ አንድ ጧት ለእርስዋ ተመደበ። ከሁሉ ይልቅ የተመኘሁት ግን ጂዩጃይጎውን ነው፤ በሰሜን በኩል በተራሮች መካከል ያለ ሸለቆ ሲሆን ሐይቆቹ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነው እስከ ወለላቸው ድረስ ይታያሉ። ለእርሱ ሦስት ቀን አሰብሁ።

ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ቀን ሲቀነስ አሥር ቀን ይቀራል። ለወንድሜ አራት፣ ለዱጂያንግየን አንድ፣ ለሌሻንና ለኤሜይ ተራራ ሁለት፣ ለጂዩጃይጎው ሦስት ብዬ ሞላሁት። አባቴም ወረቀቱን አይተው ድምሩ ልክ ነው አሉ።

በዚያው ምሽት ግን ለቤተ ሰቡ ስለ ክፍለ ሀገሩ ታሪክ ሳነብ፣ በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግንቦት 12 ቀን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ላይ ደረስሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነበርና ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ነበሩ። 69 ሺሕ ያህል ሰው ሞተ፤ 18 ሺሕ ያህል የደረሰበት ጠፋ። ብዙ የትምህርት ቤት ሕንጻዎች ስለ ፈረሱ ከነዚህ ውስጥ ከ5 ሺሕ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎች ናቸው። ወላጆችም ሕንጻዎቹ ስለ ምን እንደ ወደቁ ጠየቁ። የፈረሰችው የቤይቹዋን ከተማ እንዳለች ለመታሰቢያ ተጠብቃለች።

እናቴ ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ፣ «የእኔን ልጅ ተቀብሎ የሚያስተምር ሀገር ነው። ሐዘናቸውን ሳትጠይቅ እንዴት ትመለሳለህ?» አሉኝ። ለአንድ ቀን ስፍራ ለማግኘት ጂዩጃይጎውን መሰረዝ ግድ ሆነ፤ በሁለት ቀን ተጣድፌ ላየው አልወደድሁምና። እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ፤ በመጨረሻም ሰረዝሁት። አንዱን ቀን ለቤይቹዋን፣ የተረፉትን ሁለቱን ለወንድሜ ጨመርሁ።

ስለዚህ ጉዳይ እናቴ በኋላ ለብቻዬ የነገሩኝ አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ‹ደኅና ነኝ› ይለኛል። አንተ ግን መኝታውን እይ፤ ጫማውን እይ፤ ከማን ጋራ እንደሚበላ እይ። ያየኸውንም ሳትደብቅ ንገረኝ» አሉኝ። ይህ አደራ ከሻንጣዬ ሁሉ የከበደ ነው። ጋሼን በአራት ቀን ይልቅ በስድስት ቀን ብጠይቀው እውነቱን እንደማገኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ለዕረፍት ወደ ሲቹዋንም ቢሆን ወደ ጎረቤት አውራጃም ቢሆን ስትነሡ፣ ምን እንደምታዩ ከመጻፋችሁ በፊት ማንን እንደምትጠይቁ ጻፉ። የሚያምር ሐይቅ ቢቀርባችሁ በሌላ ዘመን ይገኝ ይሆናል፤ ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ግን እስኪጠየቅ ድረስ ደጁን ያያል።