አጭር ቀን በብራይተን



በእንግሊዝ አገር በዲሴምበር ወር ለአንድ ቀን ሽርሽር የሚወጣ ሙስሊም ከአየር ትንበያው በፊት የሶላት ሰዓቱን ያያል። ዙህር እኩለ ቀን ላይ ይገባል፤ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ዓስር ይደርሳል፤ አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። እኛም ከለንደን ወደ ብራይተን ስንጓዝ ቀኑን የከፋፈልነው በዚሁ ነው።

ባቡሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ክርክራችን ግን ከመንገዱ ረዘመ፦ መንገደኞች ነን ወይስ አይደለንም? ርቀቱ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ዑለማዎች ሶላት ለማሳጠር የሚያስቀምጡት ርቀትም እዚያው አካባቢ ነው። ሻፊዒይ የቀራው አንድ ስሌት አመጣ፣ ሐነፊይ የቀራው ሌላ። አንዷ እህታችን ደግሞ «ከቤታችን ነው የምንቆጥረው ወይስ ከከተማው ዳር?» ብላ ነገሩን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። በመጨረሻ ርቀቱ አይሞላም ብሎ የሚያምነው ወንድም ኢማም እንዲሆን ተስማማን። ሙሉ ከሚሰግድ ኢማም ኋላ የቆመ መንገደኛ ሙሉውን ይሰግዳልና ጀማዓችን ሳይከፈል ቀረ።

የብራይተን ባሕር ዳርቻ በጠጠር የተሞላ ነው። ነፋሱ ጂልባብ እንደ ሸራ ይነፋል። ደሴ ተወልጄ ብርድ አያስፈራኝም ሲል የነበረው ወንድማችን ከሁላችን ቀድሞ ኮፍያ ገዛ። ከባሕሩ ውስጥ የጥንቱ ምዕራባዊ መወጣጫ ብረቱ ብቻ ቀርቶ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ተከፍቶ በ2003 በእሳት የወደመ ነው።

ለምሳ የተጠበሰ ዓሣ አማረን። ዓሣው ሐላል ነው፤ የተጠበሰበትስ? አንዳንድ ቤቶች በከብት ሞራ ይጠብሳሉ፤ ሊጡንም በቢራ የሚያቦኩ አሉ። የመጀመሪያው ሻጭ ስንጠይቀው ሞራ መሆኑን በግልጽ ነገረን። አመስግነነው ወጣን። ሁለተኛው ቤት የአትክልት ዘይት ነበረው። መጠየቅ አያሳፍርም።

ከዚያ ወደ ሮያል ፓቪሊዮን ሄድን። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሁሉ መስጂድ ይመስለዋል። ጉልላቶቹንና ሚናራ መሰል ማማዎቹን ጆን ናሽ የተባለ አርክቴክት ከ1815 እስከ 1822 ለኋላው ንጉሥ ለአራተኛው ጆርጅ የሠራቸው ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1914 መጨረሻ ጀምሮ፣ ቤቱ በፈረንሳይ ግንባር ለቆሰሉ የሕንድ ወታደሮች ሆስፒታል ሆነ። ለሙስሊሞች፣ ለሂንዱዎችና ለሲኮች ወጥ ቤቱ ተለያየ፤ ሙስሊሞቹም በግቢው ሣር ላይ ወደ ቂብላ ዞረው የሚሰግዱበት ቦታ ተሰጣቸው።

ዓስር የደረሰብን እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ከመካከላችን በሰው ፊት ለመስገድ የከበዳቸው ነበሩ። «ሰው ቢቀርጸንስ?» «ውሻ መስገጃውን ቢረግጠውስ?» ተባለ። አንዷ እህት «በጥይት የቆሰሉት እዚህ ሰግደዋል፤ እኛ የምንፈራው ዓይን ነው» አለች። ሰፍ ሠርተን ቆምን። ነፋሱ የመስገጃውን ጫፍ ሲያነሳው ጫማችንን ጫንበት። አንድ ሰው ውሻውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ዞሮ አለፈ፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

በዚህች ከተማ የሌላ ሰው ታሪክም አለ። ሼክ ዲን መሐመድ እ.ኤ.አ. በ1759 በሕንድ ፓትና ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። በ1794 መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በ1810 ለንደን ውስጥ የሕንድ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ኋላም ብራይተን መጥቶ የእንፋሎት መታጠቢያና ማሻሻ ቤት አቋቁሞ ነገሥታትን አገለገለ። ወደ አንግሊካን ሃይማኖት ገብቶ ነበርና በ1851 ሲሞት የተቀበረው በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። በሰው ልብ ላይ አንፈርድም፤ የውስጥን የሚያውቀው አላህ ነው። ግን ለትምህርት ከአገር የወጣን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዘን ተመለስን፦ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከእኛ የሚቀረው ስማችን ብቻ ነው ወይስ ሶላታችን ወደ ልጆቻችን ይሻገራል? በመመለሻው ባቡር ላይ ብዙ አላወራንም።

በብራይተን ከሞቱት ወታደሮች ሙስሊሞቹ የተቀበሩት በ1889 ከተሠራው የዎኪንግ ሻህ ጀሃን መስጂድ አጠገብ ነበር፤ በኋላ ወደ ብሩክውድ መካነ መቃብር ተዛውረዋል። ቀጣዩ ጉዟችን ኢንሻአላህ ወደዚያ ነው፤ ቆመን ዱዓ እናደርግላቸዋለን። የምትመጡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ። ውዱእ አድርጋችሁ ኹፍ ለብሳችሁ ውጡ፤ በዚህ ብርድ እግር ማጠቢያ ከመፈለግ ማበሱ ይቀላል። መስገጃም አትርሱ።