አምስት ሆነን አንድ ኮምፒውተር



ጉንደ ወይን የት እንዳለች ለማታውቁ፤ አባይን ተሻግራችሁ ደጀን ላይ የማርቆስን መንገድ ትታችሁ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ቢቸናን አልፋችሁ ሞጣ ሳትደርሱ የምታገኟት እሷ ናት። ጤፏ ጥሩ ነው፣ ብርዷም አይታማም። እኛ አምስት የሰፈሯ ልጆች ነን። ሦስታችን አዲስ አበባ እንኖራለን፣ ሁለታችን እዚያው ቀርተናል። «እኛ» እያልን የምንጽፈው እንደ ንጉሥ መናገር አምሮን ሳይሆን የምናወራለት ዕቃ የአምስታችን ስለሆነ ነው። ዕቃው ኮምፒውተር ነው። ያውም የጌም!

«የጌም ኮምፒውተር ለጉንደ ወይን?» ብሎ የሚስቅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የአንዳችን እናት ግን አልሳቁም። «60 ሺህ ብር? ኧረ ልጆቼ፣ በዚህ ላም አይገዛም?» ነው ያሉት። መልስ አልነበረንም።

ነገሩ የተጀመረው በእቁብ ነው። እቁብ አልነው እንጂ ዕጣ የለውም። ከኅዳር እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. እያንዳንዳችን በወር 1,500 ብር እያዋጣን 60 ሺህ ሞላን። ሐሳቡ እዚያ ያሉት ሁለቱ አንዲት ክፍል ተከራይተው ጌም ቤት እንዲከፍቱ ነበር። እኛ ራሳችን ያደግነው ጆይስቲክ ቤት አግዳሚ ላይ ነው። «ተሸናፊ ይነሳል» የሚለውን ሕግ ያወቅነው ሕገ መንግሥት የሚባል ነገር መኖሩን ሳንሰማ ነው።

ሐምሌ ላይ ገንዘቡ እጃችን ገብቷል፣ አንድ ሱቅም ዋጋ አውጥቶ ሰጥቶናል። ታዲያ ምን አደረግን? ተከራከርን! ግራፊክስ ካርድ ይኑረው አይኑረው? ኬዙ ሰማያዊ ይብራ ወይስ እንደ ቀስተ ደመና ይቀያየር? በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር ክርክሩ የተጀመረው በስልክ ጥሪ ነው። ፎቶ መላክ በማይቻልበት ጊዜ የኬዝ መልክ በቃል ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሞክረናል፣ ተሰዳድበናልም።

እንዲህ እያልን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደረሰ። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሱቁ ስንደውልለት «የድሮውን ዋጋ እርሱት» አለን። አልፈረድንበትም፤ ማዘርቦርድ እዚህ አይመረትም። የመብራት ቀለም ስንመርጥ መብራቱ ጠፋብን ማለት ነው።

ከአምስታችን አንዱ «ድርሻዬን ስጡኝ» አለ። 12 ሺህ ብሩን ቆጥረን ሰጠነው። ለሁለት ወር አልተነጋገርንም።

በቀረችን 48 ሺህ ምርጫው ተገለበጠ። ቀስተ ደመናው ቀረ፣ ግራፊክስ ካርዱም ተሰረዘ። ያገለገለ ካርድ በርካሽ አለ ብለውን ነበር። ግን እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ በየሀገሩ ኢቴሪየም ሲያመርቱ ሌት ተቀን የነደዱ ካርዶች ገበያው ውስጥ አሉ፤ የትኛው ምን እንዳሳለፈ በዓይን አይለይም። በምትኩ ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለውን ፕሮሰሰር ገዛን። ስድስት ኮር አለው፣ 65 ዋት ነው፣ ግራፊክሱ ከራሱ ጋር ነው። የራሱ የምስል ሜሞሪ ስለሌለው ግን ከራም ይበደራል። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 8 በጥንድ መሰካት ይሻለዋል፤ መረጃው የሚሄድበት መንገድ ሁለት ይሆንለታል። የኳስ ጌም ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ያጫውታል፣ ጂቲኤ 5ንም እንደዚሁ። ምን ጎደለ?

የጎደለው ፓወር ሰፕላይ ነበር። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን አንድ አሮጌ ላከልን። «ከአሜሪካ» የሚለው ቃል ዓይናችንን ጋረደው መሰለኝ፣ ከጀርባው ያለችውን ጥፍር የምታህል ቀይ ማዞሪያ ማናችንም አላየናትም። ላይዋ 115 ይላል። የእኛ አገር መብራት 220 ነው። ሰካነው። ጧ! ክፍሉ ለሦስት ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ማዘርቦርዱ በተአምር ተረፈ። የምንወቅሰው ሰው የለም፤ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ያላነበብነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀን ሁሉ ምክራችን አንድ ነው። ከፕሮሰሰሩ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ምረጡ። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ራሱ ይለያል፣ ማዞሪያ አያስፈልገውም። «80 ፕላስ» የሚለውን ምልክትም እዩ። ግን ምልክት ተለጣፊ ነው፣ ማንም ይለጥፈዋል፤ ስታነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከቀለላችሁ ጠርጥሩ።

ደግሞ ስሙን፤ በእኛ ከተማ ለኮምፒውተር የሚያስፈራው መብራት ሲሄድ ብቻ አይደለም፣ ሲመጣም ነው። አንዳንዴ እንደ ደራሽ ውሃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝተን ኪሳችን ነጥፏል። ያኮረፈው ጓደኛችን በሩን አንኳኩቶ የገባው ያን ሰሞን ነው። ብብቱ ሥር ዩፒኤስ ይዟል። ከወሰደው ድርሻ ላይ ነው የገዛው። ምንም አላለም፣ እኛም ምንም አላልን። ሻይ አፈላን።

ዩፒኤሱ ላይ 650 ቪኤ ይላል። ይህ 650 ዋት ማለት አይደለም፤ እንደ ዓይነቱ 360 ወይም 390 ዋት ቢሆን ነው። ለእኛ ቆጣቢ ማሽን ግን ጌሙን ሴቭ አድርጎ በሰላም ለመዝጋት ይበቃል። ዓይናችን ያረፈበትን ትልቅ ካርድ ገዝተን ቢሆን ኖሮ አይችለውም ነበር። ድህነት አንዳንዴ ያስተምራል፤ ክፍያው ከባድ ነው እንጂ።

መንገዱ ተዘግቶ ከረመና ሲከፈት ኮምፒውተሩ በአውቶቡስ ሄደ። ሞኒተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በአንዳችን ጭን ላይ ተቀምጦ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጣ። ጌሞቹም በሃርድ ዲስክ አብረው ተሳፈሩ። ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ማን ያወርደዋል? የጤፍ ውቂያ አቧራ እንዳይገባበትም የሴት ስቶኪንግ ቆርጠን ፋኑ ላይ ወጠርን። በየሳምንቱ ይታጠባል። በብዙ ብር ከሚሸጠው ማጣሪያ አያንስም።

አሁን ወደ ላሚቱ ጥያቄ እንመለስ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። አንድ ቀን ተራ ከሚጠብቁት ልጆች መሀል አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ጌሙ ይቅርብኝ፣ ማውስ መያዝ ብቻ ልለማመድ» አለቻቸው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ። እኛ ለሰማያዊ መብራት ስንጣላ አንዲት ልጅ ማውስ ጨብጣ ሳታውቅ ፈተና ልትቀመጥ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መብራት ካለ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ለተፈታኞች ነው፣ በነፃ። ከሰዓት በኋላ «ተሸናፊ ይነሳል» ይቀጥላል። ገቢው የቤት ኪራዩን ከፍሎ ብዙም አያተርፍም፤ አንዋሻችሁም።

እኒያ እናት በቀደም ብቅ ብለው በር ላይ ቆሙ። ልጅቷ ማውሱን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስቷን በዓይኗ እየተከተለች ነበር። ረጅም ጊዜ አዩአት። «ይቺ ናት ላሚቱ?» አሉ።

«እሷ ናት እማማ» አልናቸው።

«እንግዲያ አቧራዋን ጥረጉላት» ብለው ሄዱ።

ቸር እንሰንብት!